የቁርበቱ ቀዳዳ

የልጅ ልጄ በሰባት ዓመቱ መነጽር አደረገ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ክር በመርፌ ማስገባት ቢያቅተኝም ማዶ ያለውን በሬ በቀለሙ እለያለሁ፤ እሱ ግን ጥቁር ሰሌዳው አልታይ አለው። ደብረ ማርቆስ ይዤው ብሄድ ሐኪሙ ውጭ ይጫወት፣ የቀን ብርሃን ያግኝ አለኝ። ሕፃን ከጅምሩ ብርሃን ካነሰው ሲያድግ ሩቁን ማየት ሊቸግረው ይችላል፤ ነገሩ ገና እየተጠና ነው አለ። ልጁ ጨዋታ ስለታዘዘለት ሳቀ። የኔ ልብ ግን ድንግጥ አለ። ለምን አትሉኝም?

በጣሊያን ጊዜ አባታችን ዱር ገባ። የአርበኛ ቤት ይቃጠላል ስለተባለ እናቴ እርጉዝ ሆና፣ እኔን ይዛ፣ ከደብረ ኤልያስ በታች ገደል ውስጥ ካለ ዋሻ ገባች። እህቴ የሺ እዚያ ተወለደች። አራስና ጨቅላ ፀሐይ አይመታቸውም፣ ምች አለ፤ ይህን የማያውቅ የኛ አገር ሰው የለም። ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያ ቀን ይበቃ ነበር። እናቴ ግን ሰውነቷ አልጠናም እያለች ሁለት ክረምት ሸፈነቻት። የዋሻውን አፍ የዘጋነው በበሬ ቁርበት ነው። እሱን የመጠበቅ ሹመት ለኔ ተሰጠ። የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤ በሹመቴ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ቁርበቱ ላይ ሽምብራ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ረፋድ ላይ በሷ ብርሃን ይገባና መሬቱ ላይ ያርፋል። የሺ መዳህ ስትጀምር ወደዚያች ብርሃን ትሄዳለች። እጇን ትዘረጋለች፣ ትስቃለች። እኔ ጎትቼ እመልሳታለሁ፤ ተመልሳ ትሄዳለች። ሰለቸኝ። አንድ ቀን ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ ቀዳዳዋን ወተፍኳት። የሺ ቦታውን በእጇ ስትዳብስ ዋለች። እናቴ መረቀችኝ።

ጣሊያን ወጣ፣ አባታችን ተመለሰ። ከወንዙ ማዶ ጋቢውን ሲያውለበልብ እኔ እየጮህኩ ሮጥኩ። የሺ አራት ዓመት አልፏታል፤ የቱ ጋ፣ የቱ ጋ እያለች ቆማ ቀረች። አባቴ ልጄ ጠላችኝ ብሎ አዘነ። እናቴ አይታህ ስለማታውቅ ነው ብላ አጽናናችው። ኋላ ምስር ስትለቅም አፍንጫዋን ሰፌዱ ውስጥ ስትከት አየንና ነገሩ ገባን።

እና ከሐኪሙ እንደወጣሁ የሺ ቤት ሄድኩ። ጥጥ ስትፈትል አገኘኋት። ስለ ቀዳዳዋ ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ ደብቄያት ሳይሆን ጥፋት መሆኑን ስላላወቅሁ ነው። ነገርኳት። ሐኪሙም እንጃ ብሏል ብዬ ልጨምር ስል እንባ ቀደመኝ።

እንዝርቷን አስቀመጠች። "እታለም፣ ያቺ ቀዳዳ ክፍት ብትሆን ጣሊያን በእሳታችን ብርሃን ያገኘን ነበር። እናንተ ካለቃችሁ ዓይን ቢኖረኝስ ማንን ላይበት ነበር?" አለችኝ። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊቷ አስጠጋችኝና ስታየኝ ቆየች። አርጅተሻል አለች። ነፍሴን አተረፍሽ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

ወደዚያ ገደል አንድም ጣሊያን ወርዶ አያውቅም። ቀዳዳዋንም የወተፍኩት ሰልችቶኝ ነው። ምስጋናዋን ግን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።