ሦስተኛው ጉልቻ

ተረቴን ስጀምር ስሙኝ፤ ካልሰማችሁኝም ለራሴው አወራዋለሁ። ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ዱር ውስጥ ማንጠግቦሽ የምትባል ኤሊ ትኖር ነበር። ታላቅ እህቷ ላቀች ደግሞ ከወንዙ ማዶ ትኖራለች። ላቀችን ሳል ይዟት ከረመ። ጉሮሮዋን ዘግቶ እህል አላስቀምስ አላት። የሰፈሯ አዋቂዎችም፣ “ይህን የሚያሽረው የጣዝማ ማር ብቻ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ካልቀመሰች ግን እንጃላት!” አሉ።

ጣዝማ እንደ ሌላው ማር ከቀፎ አይቆረጥም። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ነው፤ እሱም ቢገኝ ከእፍኝ አይበልጥም። ማንጠግቦሽ መሬት ለመሬት የምትሄድ ናትና ጉድጓዱን ታውቀዋለች። ጥፍሯ እስኪነቀል ቆፍራ አንዲት ትንሽ ቅል ሞላች። ራሷ እንዳታደርሰው የኤሊ እግር ነው፤ ማዶ እስክትደርስ ክረምቱ ገብቶ ይወጣል። ስለዚህ ቅሉን ይዛ ወደ ዱሩ ፖስታ ቤት ሄደች።

ፖስታ ቤቱ ስሙ የገነነ ነበር። መስኮቱ ላይ እመት ጦጣ ትመዝናለች፣ አህያ ይሸከማል፣ ወንዙ ላይ አያ ዝንጀሮ ያሻግራል። ማዶ ተቀምጦ ሁሉንም የሚያዘው ዋናው ኃላፊ አያ ጅቦ ነው። ጅብን ማን ሾመው ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ ሲሾም ያማከረኝ የለም! የቤቱ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ዕቃው ሲነሣ የመዘነውን ያህል ሲደርስም መመዘን አለበት። ከጎደለ ሠራተኛው ይባረራል። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ሕጉ አንድም ቃል አይናገርም። በየጣቢያው ጓሮ ታዲያ ትንሽ ትልቁ ድንጋይ ተከምሯል። ማንጠግቦሽ ክምሩን አይታ፣ “ቤት ሊሠሩ ነው መሰለኝ” ብላ አለፈች። የዋህ!

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ወፍ የላቀችን መልእክት ይዛ መጣች፤ ወፍ ወሬ እንጂ ቅል አትሸከምም።

“እህት ዓለም፣ የላክሽው ድንጋይ ደርሶኛል። ግን ምን በድዬሽ ነው?”

ማንጠግቦሽ ክው አለች። ተንደርድራ፣ እንግዲህ በኤሊ መንደርደር ነው፣ ወደ መስኮቱ ሄደች።

“እመት ጦጣ፣ ማሬ ድንጋይ ሆኖ ደረሰ!”

“ደርሷል አይደል?”

“ደርሷል፣ ግን...”

“ክብደቱስ?”

“ክብደቱማ ልክ ነው።”

“ታዲያ ምኑ ጎደለብሽ?” አለችና ጦጣ ጥፍሯን መሞረዷን ቀጠለች።

ማንጠግቦሽ እንደገና ቆፈረች። በሁለተኛው ቅል ላይ “መድኃኒት ነው፤ ተሰባሪ ነውና በጥንቃቄ ይያዝ” ብላ በትልቁ ጻፈችበት። አህያ ማንበብ አይችልም፤ የሚያነቡት ደግሞ መድኃኒት መሆኑን ሲያውቁ፣ “ለጤና ነው” እያሉ ላሱት። ወፊቱ ተመልሳ መጣች።

“ሁለተኛው ድንጋይም ደርሶኛል። ከመጀመሪያው ጋር ጉልቻ አድርጌዋለሁ። ሦስተኛውን ላኪልኝና ድስት ልጣድበት። ሳሉ ግን ደም መትፋት አስጀመረኝ።”

ማንጠግቦሽ አለቀሰች። ማንንም አላማችም፤ ብቻ አለቀሰች። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ጣዝማ አንዲት ጉርሻ ቢሆን ነው። ሰማዩም ጠቁሯል። ያን ቀን ሙሉ ስታስብ ውላ በመጨረሻ ወደ ጎረቤቷ ወደ ጋሼ ጃርት ሄደች።

“ጋሼ፣ ጆንያ ውስጥ ስፋኝ” አለችው።

“አበድሽ እንዴ?”

“አላበድኩም። እነሱ ድንጋይ ሲያዩ አይነኩም። እኔን ደግሞ አየኝ እስቲ!” አለችና አንገቷንም እግሯንም ወደ ውስጥ ሰበሰበች። ጃርት ዞሮ ዞሮ አያት። እውነትም ድንጋይ። የመጨረሻዋን ጣዝማ በቅጠል ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣለች። ጃርት ከገላው አንድ እሾህ ነቅሎ ጆንያውን ሰፋና “የጣዝማ ማር” ብሎ ለጦጣ አስረከባት።

ጃርት ዞር ከማለቱ ጦጣ ስፌቱን ፈታችው። ድንጋይ! ዘወር ብላ በአህያ ላይ ጮኸችበት።

“አንተ ሆዳም! ከመስኮቱ እስከ ጓዳው ድረስ እንኳ መታገሥ አቃተህ?”

“እናቴ ትሙት አልነካሁም!” አለ አህያ።

“እናትህ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው!” ብላ መልሳ ሰፋችው። አህያም ንዴቱን በጆንያው ተወጣ። ዳገቱን በእግሩ እየመታ አንከባለላት፤ ቁልቁለቱን ለቀቃት። ማንጠግቦሽ ጭንቅላቷ ከታች ይሁን ከላይ ሳታውቅ ወንዝ ደረሰች።

አያ ዝንጀሮ ጆንያውን ከፍቶ ትክ ብሎ አየና ተፋ። “እነዚህ የወዲያ ማዶ ሌቦች! ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። እኛ እንኳ ብንወስድ ትንሽ ቀምሰን ነው” አለ። ትንሽ ቀምሶ እንደማያውቅ ወንዙ ይመስክር። ሰፍቶ ከነአህያው አሻገራት።

አያ ጅቦ ግን አፍንጫ አለው። ጆንያውን በጥርሱ ሲቀደው የጣዝማው ሽታ መታው። ቢፈልግ ቢፈልግ ድንጋይ ብቻ።

“ግፈኞች! ለኃላፊ ሽታውን ብቻ ይልኩለታል?” ብሎ እንባው መጣ። በዚያው ድንጋዩን ይልስ ጀመር። አንዴ ላሰ፣ ሁለቴ ላሰ፤ በሦስተኛው ምናልባት ውስጡ ገብቶ እንደሆነ ብሎ ነከሰ። ማንጠግቦሽ ትንፋሿን ዋጠች። የጀርባዋ ቅርፊት ሲንቋቋ ሰምታ፣ “አበቃልኝ፤ ላቀችም አበቃላት” አለች በልቧ። ጅቡ ግን ጥርሱን ይዞ ተንፈራፈረ። “ድንጋይማ ድንጋይ ነው!” አለና ጆንያውን አሰፍቶ አስመዘነው። ክብደቱ ልክ ነበር። “ይድረስ” ብሎ ማኅተሙን መታበት።

አህያም የላቀች አጥር ጋ ሲደርስ ማንንም አልጠራም፤ ከነጆንያው በአጥሩ ላይ ወረወራት። ማንጠግቦሽ መሬት ስትመታ ራሷን ሳተች።

ላቀች እየሳለች ወጣች። ዓይኗ ደክሟል። ጆንያውን ከፈተች፣ በእጇ ዳበሰች፣ አዝና ሳቀች። “ቃሏን አከበረች፤ ሦስተኛውንም ላከችልኝ” አለች። እያንከባለለች ወስዳ ከሁለቱ ድንጋዮች አጠገብ አስቀመጠቻት። ድስቷን ጣደችበት፤ ጭራሮ አምጥታም እሳት አያያዘች፤ ለሳሏ ቅጠል ልታፈላ ነው።

“እትዬ!” አለ ጉልቻው።

ላቀች ሳሏ ቆመ።

“እትዬ ላቀች፣ እሳቱን አጥፊው፣ እኔ ነኝ! እሳቱን በይ፣ ተቃጠልኩ!”

ላቀች ድስቱን ገልብጣ በውኃው አጠፋችው። ሁለቱ እህትማማቾች አመድ ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ጣዝማዋ ከማንጠግቦሽ ጉያ ወደቀች፤ በእሳቱ ሙቀት ለስልሳ ነበር። ላቀች እዚያው ላሰቻት። በሦስተኛው ቀን ሳሉ ለቀቃትና እህል ቀመሰች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን ማንጠግቦሽ ዝም ማለት አልቻለችም፤ እህቷን ይዛ አያ ጅቦ ቢሮ ገባች። ሠራተኞቹ ሁሉ ተጠርተው ተሰበሰቡ። ማን ከፈተኝ፣ ማን ረገጠኝ፣ ማን ላሰኝ፣ አንድ በአንድ ተናገረች። ማንም አላፈረም። ነገር ግን ጣዝማው ጉያዋ ውስጥ እንደነበረ ስትናገር ቢሮው ለቅሶ ቤት ሆነ። አህያ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ዝንጀሮ ደረቱን ደቃ።

“በእጃችን ውስጥ አልፎ?” አለች ጦጣ።

አያ ጅቦ ከወንበሩ ተነሣ። “ሌባ!” አለ ወደ ማንጠግቦሽ እየጠቆመ። “በገዛ መሥሪያ ቤታችን በኩል ማር ሰርቀሽ ታሳልፊያለሽ? ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ድንጋይ ከመላኩ በፊት በመዶሻ ተፈልጦ ይታያል!” ሁሉም አጨበጨቡ። ላቀች ልትናገር አፏን ብትከፍት ማንጠግቦሽ እግሯን ረገጠቻትና ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ።

ከመውጣታቸው በፊት ግን ጅቡ የጣዝማው ሽታ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ድምፁን አለሰለሰ።

“እመት ማንጠግቦሽ፣ አገርሽ ሩቅ ነው፤ ክረምቱም ገብቷል። ተቀየምሽን እንዴ? ከፈለግሽ እኛው በፖስታ ልንመልስሽ እንችላለን። ክብደትሽ ልክ ሆኖ እንደምትደርሺ በስሜ ቃል እገባለሁ።”

ማንጠግቦሽ ከመስኮቱ ውጪ ያለውን የድንጋይ ክምር አየች፤ ከዚያም የጅቡን ጥርስ አየች።

“በእግሬ እሄዳለሁ፣ አያ ጅቦ” አለች። “ዓመት ቢፈጅብኝም፣ በእግሬ ከሄድኩ የምደርሰው እኔው ነኝ።”