ማክሰኞ ይነገራል

[ሰኞ ጠዋት። የወንድምየው የሥራ ክፍል። ክሊኒኮች በነጻ የሚጠቀሙበትን የበሽተኞች መዝገብ ፕሮግራም የሚሠራው እሱ ነው። ታላቅ እህቱ የአንዱ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማለች።]

ወንድም፦ ማስታወቂያው ማክሰኞ ነው የሚወጣው ብያለሁ፣ ማክሰኞ ነው!

እህት፦ ዛሬ ብትነግረን ምን ትሆናለህ?

ወንድም፦ እታለም፣ ይሄ ሙያ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ሌባ የሚያስገባ አራት ቀዳዳ አገኘሁ። ባገኘሁ ቁጥር ብጮህ ሰው ሥራውን ትቶ ፕሮግራም ሲያድስ ሊውል ነው። አጠራቅሜ፣ በታወቀ ቀን፣ ባንድ ማስታወቂያ!

እህት፦ ታዲያ ዓርብ አትነግረንም ነበር?

ወንድም፦ [እየሳቀ] ዓርብ! ዓርብ ሰው ወደ ቤቱ ነው። ሌባ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ የለውም።

እህት፦ እስከዚያ ሌባው ቢሰማስ?

ወንድም፦ ከማን? እኔ ለእናታችን እንኳን አልተነፈስኩም።

እህት፦ እኔ እንግዲህ አይገባኝም። ቀዳዳዎቹን ደፍነሃቸዋል?

ወንድም፦ ቅዳሜ! አቤት አደፋፈን! ራሴን መሳም ነው የቀረኝ።

እህት፦ የደፈንክበትን የት አስቀመጥከው?

ወንድም፦ የፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ነዋ፣ ዓለም በሚያየው! ኦፕን ሶርስ እኮ ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ የሚደበቅ ነገር የለም።

እህት፦ ግድግዳ ላይ እርጥብ ሲሚንቶ ያየ ሰው ቀዳዳው የት እንደነበር አያውቅም?

ወንድም፦ ቢያውቅስ? ተደፍኗል እኮ!

እህት፦ እኛ ጋ ግን ፕሮግራሙ ስላልታደሰ ገና አልተደፈነም።

ወንድም፦ [ቀስ ብሎ ይቀመጣል]

እህት፦ መቼም ምን እንደደፈንክ አልጻፍክበትም።

ወንድም፦ ጽፌያለሁ። «ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባው በር ተዘግቷል።» አጻጻፉ ደስ ብሎኝ... አሥራ ሁለት ሰው ወዶልኛል።

እህት፦ እነማን?

ወንድም፦ አላውቃቸውም። [ብድግ ይላል] የበሽተኞቻችሁ ካርድ! ወይኔ! ማስታወቂያውን አሁኑኑ እልካለሁ!

እህት፦ ሙያውስ? ማክሰኞስ?

ወንድም፦ ተዪኝ! [ይልካል] ሄደ። ለሁሉም ክሊኒክ ሄደ። እናንተ ጋ ግን ሌቦች ቀድመው ገብተው ከሆነስ?

እህት፦ የኛንማ ቅዳሜ ነው ከኢንተርኔት የነቀልኩት። በእጅ ስንጽፍ ሦስተኛ ቀናችን ነው።

ወንድም፦ ማን ነገረሽ?

እህት፦ አንተ። ገጹ ላይ አንድ ነገር በጻፍክ ቁጥር ስልኬ ላይ ይመጣልኛል።

ወንድም፦ [ዓይኑ እየበራ] ሳትነግሪኝ ሥራዬን ትከታተያለሽ?

እህት፦ ሥራህ ምን ያደርግልኛል! ስልክ አትደውል፣ ሲደወል አታነሳ፤ በሕይወት መኖርህን የማውቀው በሱ ነው።

ወንድም፦ እታለም... ሌባው አንቺ የምትወጂኝን ግማሽ ወዶኝ ገጼን ቢከታተል ኖሮ አልቆልኝ ነበር።