የዓሣ ጭንቅላት የበሉ ዶሮዎች

ዶሮ ሃያ ጥያቄ ይጠየቃል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ዘይነባ ጠየቀቻቸው። ለማስተርስ መመረቂያዋ ነው። ከሐይቅ ከተማ ዳር፣ እናቷ ጓሮ፣ ዶሮዎቹን ለሁለት ከፈለቻቸው። ግማሾቹ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉት የዓሣ ጭንቅላት ደርቆ፣ ተወቅጦ ይቀላቀልላቸዋል። ግማሾቹ የለመዱትን ይበላሉ። ከዚያ ሃያ ነገር መለካት ነው፤ ክብደቱ፣ እንቁላሉ፣ የአስኳሉ ቀለም፣ ምኑ ቅጡ! እህቴ ጭንቅላት ስትወቅጥ ከረመች። ጎረቤት ሸተተን ሲላት «ዶሮዎቼ ሳይንስ ላይ ናቸው» ትላለች።

ውጤቱ መጣ። ከሃያው አንዱ ብቻ ተለየ፤ የዓሣ በሎቹ እግር ረዘም ብሏል። ረጅም እግር ለዶሮ ምን ያደርግላታል? ከቢላ ለመሮጥ ካልሆነ! አማካሪዋ ደግሞ፣ ሃያ ጊዜ የጠየቀ ሰው አንዱን በአጋጣሚም ያገኘዋልና መመዘኛውን አጥብቂው አሏት። ብታጠብቀው እግሩም እኩል ሆነ። ጥናቷን ለምታቀርብበት ዲፌንስ ሳምንት ሲቀራት ባዶ እጇን ቀረች፤ አለቀሰች።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የሷን እንባ ግን አልችልም። «አብሽሪ፣ ሌላ ዘዴ እንሞክራለን» አልኳት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል? በአማካይ እምቢ ቢል በደረጃ አሰልፈን አወዳደርን። እሱም እምቢ ቢል ያላመቹንን ሁለት ዶሮዎች እንዳልተፈጠሩ ቆጠርናቸው። ይሄኔ እግሩ እንደገና ሊረዝም ጀመረ።

አባቷ ሁሴን ከበሩ ሆኖ ይሰማናል። አምባሰል ያደገ ገበሬ ነው፤ ስለ ድንበር ሲጣላ አበጋር፣ ማለትም አስታራቂ ሽማግሌ፣ ፊት ስንቴ ተቀምጧል።

«አበጋር የሚመረጠው ከፍርዱ በፊት ነው። እናንተ ፍርዱን እየሰማችሁ ነው እንዴ የምትመርጡት?» አለኝ። «ወላሂ፣ ልጄን እንዳታስዋሻት!»

በጣም አፈርኩ። ዘይነባ መጀመሪያ ወደመረጠችው ዘዴ ተመለሰች፤ ሃያውንም እንዳሉ ጻፈች። ፈታኞቿ ፊት ቆማ «ልዩነት አላገኘሁም» አለች። አሳለፏት! ኮራሁባት፤ ከኔ እንዳልወረሰችው ግን አውቃለሁ።

እናቷ አልሐምዱሊላህ ብላ አገላብጣ ሳመቻት። በማግስቱ ጠዋት ጭንቅላት መውቀጧን ቀጠለች።

«እማ፣ ለውጥ የለውም እኮ» አለቻት ዘይነባ።

«ሲበሉት ደስ ይላቸዋል። እሱን መች ጠየቅሽ?»

ሃያ አንደኛው ጥያቄ ይኸው መጣ። አሁን ግን ተምሬያለሁ፤ ዘዴውን አስቀድሜ መርጫለሁ። የምጠይቀው ዶሮዎቹን ሳይሆን እህቴን ነው።