የጋሽ መርሻን መጽሐፍ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ሰው ሁሉ የየራሱ አመል አለው። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፣ አንዱ ዓሣ ያጠምዳል። የእኔ አመል የኮምፒውተር ሲስተም መለዋወጥ ነው። ምንም ያልበደለኝን ዊንዶውስ አጠፋና ሊኑክስ እጭናለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው እሱንም አንሥቼ የሊኑክስን የአክስት ልጅ እጭናለሁ። «ታዲያ ምን ትሠራበታለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም ይህንኑ ትጠይቀኛለች። ምንም አልሠራበትም። እኔ የምወደው መጫኑን ነው።

አመሌ ከቤት ባይወጣ ደግ ነበር። ግን የኮምፒውተር ኩባንያዎች በሞሉበት ኪስታ ቢሮ ውዬ ስለምገባ የሰፈሬ የፊቲያ አበሻ የኮምፒውተር ሐኪም አድርጎ ሾመኝ፤ እኔም አላስተባበልኩም፣ በሰው አገር ሹመት ብርቅ ነው። ጋሽ መርሻም «ላፕቶፔ እንደኔው መራመድ አቃተው» ብለው ጠሩኝ። ጋሽ መርሻ በተማሪነት መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ምሁር ናቸው፤ ይበልጥ የሚታወቁት ግን አሥር ዓመት ሙሉ «እየጻፍኩት ነው» በሚሉት መጽሐፍ ነው።

ሁሉን ጠርጌ ሊኑክስ ከመጫኔ በፊት «መጽሐፍ» የሚለውን ፎልደር በሲዲ ገለበጥኩና በትክክል መገልበጡን ለማየት ከፈትኩት። አሥራ አንድ ፋይል አለው። አሥራ አንዱም «ምዕራፍ አንድ» ነው፤ አንዱም ገጽ አይሞላም። ቶሎ ዘጋሁት፤ የሰው ገመና ነው።

እሑድ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሲዲውን ላስረክባቸው በኪሴ ይዤ ሄድኩ። አንዱ እንደ ልማዱ «ጋሼ፣ መጽሐፉ መቼ ይወጣል?» አላቸው። ጋሽ መርሻ ሻያቸውን ፉት አሉና በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«እሱን ጠይቁት። አዲስ ሲስተም እጭንልዎታለሁ ብሎ ጠራርጎ አጠፋው።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ፤ ተናደድኩ። ሲዲውን ባወጣው የእኔ ስም ይተርፋል፤ ነገር ግን «እስቲ ይከፈትና እንየው» የሚል ችኩል አይጠፋም፣ ያኔ የሽማግሌው ስም አለቀለት።

«አዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩን የሚያስነካኝ አበሻ የለም። መጽሐፉ ግን ከጠፋ በኋላ እያደገ ሄደ፤ አሁን ስድስት መቶ ገጽ ነበር ይባላል።

ከወር በኋላ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ጎን ለጎን ተገጣጠምን። ጋሽ መርሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከመጥፋቱ በፊት ከፍተህ አይተኸው ነበር?»

«ኧረ አላየሁም፣ ጋሼ።»

«ጥሩ መጽሐፍ ነበር።»

«አጀማመሩማ…» ብዬ አፌን ያዝኩ።

ጋሽ መርሻ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ትከሻቸው ግን እስክንወርድ ድረስ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።