የሙንዚር ስም ፈቺ

ገበያ የሌለው አገር ይኖር ይሆናል፤ ስም ፈቺ የሌለው አገር ግን የለም። ገና «እገሌ እባላለሁ» ብለህ አፍህን ሳትዘጋ የስምህን ሥርና ቅርንጫፍ የሚቆጥርልህ፣ አባትህ ያላሰበውን ትርጉም ለራሱ ለአባትህ የሚያስረዳ ሰው ለየመንደሩ አንዳንድ ተደልድሏል። ለቡሬ የደረሷት መሪጌታ ክንፈሚካኤል ነበሩ።

ዘመኑ የጣልያን ነው። ሸማኔው ኑርዬ የመሪጌታ የአጥር ጎረቤት ነበር። የሽመና ጉድጓዱ የተቆፈረው ከአጥራቸው ሥር ስለሆነ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ፣ እጁ መወርወሪያው ላይ፣ ጆሮው ደግሞ ሳይወድ በግዱ መሪጌታ ደጅ ይውላል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «መፍታቱን ግን ለእኛ ትቶልናል!» ኑርዬ ይችን ቃል እንደ መወርወሪያው ድምፅ ለምዷታል።

ከእሳቸው የሚያመልጥ ስም የለም። ደረሰ የሚባል ገበሬ በሬ ጠፍቶበት ሲያልፍ አስቆሙትና፣ «ደረሰ ሲባል ማን ደረሰ? ወዴት ደረሰ? ስምህ እኮ በእንጥልጥል የቀረ ነው፣ ልጄ! በሬውም መንገድ ላይ የቀረው በዚህ ነው» ብለው ሰደዱት። ማታ በሬው ራሱ ከደጅ መጥቶ ቆመ። በማግስቱ መሪጌታ፣ «አላልሁም? ደረሰ!» አሉ።

ሀብትነሽ የምትባል አንዲት ደሃ መበለት ደግሞ «ሀብት ነሽ ተብዬ ይኸው ሀብት የለኝ» ብላ ብታማርር፣ «ሀብት አለሽ መቼ ተባለ? ሀብት ነሽ ነው የተባለ። ባለሀብቶቹ እኛ ነን፤ ሀብቱን የማይጠብቅ ደግሞ ሰነፍ ነው» አሉና ያን ዓመት ጤፏን መንደሩ በደቦ እንዲያጭድላት አደረጉ። ሰው ሲያማቸው አንጀቱ እስኪርስ የማያማቸው በዚህ ምክንያት ነበር።

ኑርዬን የሚያስፈራው ድፍረታቸው ነው። ወደ ጣልያን ጦር ሰፈር ካፒቴን ቤላቲ የሚባል አዲስ ሹም ሲመጣ፣ መንደሩ በፍርሃት ጠባዩን ሲጠያየቅ፣ መሪጌታ ስሙን ብቻ ሰምተው፣ «በግእዝ በልዐ ማለት በላ ነው፤ ቤላቲ፣ በላተኛው። ይሄስ ፈቺም አላሻው። ዶሮዎቻችሁን አስገቡ!» አሉ።

«ኧረ መሪጌታ፣ አጥርም ጆሮ አለው!» አለ ኑርዬ ከጉድጓዱ።

«የአጥሩ ጆሮ አንተ ነህ። አንተን ደግሞ አምንሃለሁ» አሉት።

ኑርዬና ሚስቱ ዘሃራ ልጅ ሳያገኙ ብዙ ዘመን ኖረው ነበር። አንድ ጊዜ በሱዳን አድርጎ ለሐጅ የሚሻገር መንገደኛ ሼህ ቤታቸው አደረ። ችግራቸውን ሰምቶ ዱዓ አደረገላቸውና፣ «ወንድ ከሰጣችሁ ሙንዚር በሉት» ብሎ ጎሕ ሲቀድ መንገዱን ቀጠለ። ትርጉሙን አልጠየቁትም። ከደግ አፍ የወጣ ስም ክፉ አይሆንም ብለው ነው። ዓመት ሳይሞላ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ሙንዚር አሉት።

እንዲህ ያለ ስም ቡሬ ሰምታ አታውቅም። ቁርኣን የሚያስቀሩት ሽማግሌ በዚያው ክረምት አርፈዋል፤ የሚጠየቅ አልነበረም። ሰው ታዲያ የለመደውን አደረገ፤ ወደ መሪጌታ ሄደ። የተጠየቁት ሸጋዬ ጠላ ቤት፣ ሰው በሞላበት ነው።

«ሙንዚር» አሉ መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀምጠው። «ይህማ ቀላል ነው። መነዘረ ካለው ነው። ብሩን የሚመነዝር፣ ታላቅ ነጋዴ ይወጣዋል።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንም አልነበረ። ግን አድማሴ የሚባል፣ ምላሱ የማያርፍ ጎረምሳ ከጥግ ሆኖ፣ «መነዘረ ከሆነማ አመንዝራም የዚያው ቤት ልጅ ነው!» አለ። ጠላ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መሪጌታም ስለ ቃል ሥር ሲነሳ ዝም ማለት የማይችሉ ሰው ናቸውና፣ «ዘመዳሞችስ ናቸው» ብለው አከሉበት።

በሳምንቱ ዘሃራ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ እየተጠቃቀሱ፣ «ያ ትንሹ አመንዝራ እንዴት ሰነበተ?» አሏት። እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ልጁን አዝላ ከደጅ መውጣት ተወች፤ ስሙንም ከከንፈሯ በላይ አታወጣውም።

ኑርዬ ቁጡ ሰው አይደለም። ጨርቁን እንደተወጠረ ትቶ ከጉድጓዱ ወጣና በአጥሩ ላይ አንገቱን አሻገረ።

«መሪጌታ፣ ልጄ ምን በደለዎ?»

መሪጌታ ብራና ሲፍቁ ነበር። ቀና አሉ።

«ስሙን ልለውጥለት ነው። ብቻ አንድ ነገር ይንገሩኝ። በማርያም ይሁንብዎ፣ ትርጉሙን በእውነት ያውቁታል?»

መፋቂያውን አስቀመጡ። ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ኑርዬ ከዚያ አፍ ይወጣል ብሎ ያላሰበው ቃል ወጣ፤ «አላውቀውም።»

ኑርዬ ሊቆጣ ነበር የመጣው፤ አሁን ግን ደነገጠ። የታመሙ መሰለው።

«ዐረብኛው ከየት መጥቶልኝ፣ ኑርዬ? አፌ ነው ቀድሞኝ የሮጠው። ስሙን እንዳትለውጥ፤ እስክመለስ ታገሠኝ።»

«ከየት ሊመለሱ?»

«ደምበጫ አንድ የየመን ዐረብ ሱቅ ከፍቷል ይላሉ። የገዛ ቋንቋው አይጠፋውም።»

«ይህን መንገድ አይሄዱበትም! ባንዳ በአንድ ወገን፣ አርበኛ በአንድ ወገን። ማን ነኝ ብለው ሊያልፉ ነው?»

«ሁለቱም ስም አላቸው አይደል? እየፈታሁላቸው አልፋለሁ» አሉና በማግስቱ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ።

ከአጥሩ ወዲያ ጸጥ አለ። ኑርዬ ይህን ጸጥታ ሲመኘው ኖሮ አሁን መቀመጫ አሳጣው። ድሩ ይበጠስበታል፤ ማጉ ይወሳሰብበታል። የመሪጌታ ሚስት እማዋይሽ ጠዋት ጠዋት ብቅ ትልና፣ «የሰማኸው ነገር አለ?» ትለዋለች። በደምበጫ በኩል ተኩስ ነበር የሚል ወሬ ሲመጣ ዘሃራ፣ «ስሙስ ይቅር ነበር» ብላ አለቀሰች።

መሪጌታ ሰው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል መጡ። ጥምጥማቸው የለም፤ ጀርባቸውን ቀና ማድረግ አቅቷቸዋል። ኬላው ላይ ወታደሮቹ ይዘው፣ «ምን ጉዳይ አለህ?» ሲሏቸው፣ «የአንድ ሕፃን ስም ልጠይቅ ነው» ብለው ነበር። የምሥጢር ቃል ነው ተባለ። ጥምጥማቸውን ተርትረው ደብዳቤ ፈለጉ፤ ሲያጡ በአለንጋ ገረፏቸው፤ አስረው ሰንብተው ለቀቋቸው።

«እውነት በመናገሬ ነው የተመታሁ» አሉት ኑርዬን። «ማር ልገዛ ነው ብል ያሳልፉኝ ነበር። አየህ፣ ያልለመድሁት ነገር ነው።»

ኑርዬ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዙት። «ተው፣ እሱን ተው። ከተለቀቅሁ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አሳፈረኝና ደምበጫ ገባሁ። ዐረቡ ስሙን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሳ። የቀረውን እሑድ ትሰማለህ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ሰብሰብ እንዳለ፣ መሪጌታ ራሳቸውን ሳይጠመጥሙ መካከል ቆሙ። ኑርዬና ዘሃራም ሰምተው መጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመዋል።

«ያን ጊዜ ሸጋዬ ቤት የነገርኋችሁ ሰሙን ነው። ዛሬ ወርቁን ስሙ» አሉ። ማንም አልተታለለም፤ ግን ሸማቸው ከጀርባቸው ቁስል ላይ መጣበቁን ያየ ሁሉ አልሳቀም። «ሙንዚር ማለት አስጠንቃቂ ነው። መከራ ሳይደርስ ቀድሞ ‹ተጠንቀቁ!› ብሎ የሚጣራ። በመጽሐፋቸው ነቢያት የሚጠሩበት ስም ነው። ከእንግዲህ በዚህ ስም የሚያላግጥ ቢኖር የራሱን ስም እፈታለታለሁ።»

አድማሴ አቀረቀረ። ዘሃራ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ለሰው እንዲታይ ታቀፈችው።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ዘሃራ ልጇን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ወታደሮች ከጦር ሰፈሩ ተሰልፈው ወደ አድማሴ ቤት ሲያመሩ አየች። አድማሴ አርበኛ ወንድሙ ጭኑን ቆስሎ መጥቶበት እንደደበቀው ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ። «ጣልያን መጣ!» ብላ ብትጮህ ጥይት ነው። እንስራዋን አስቀመጠችና ባላት ድምፅ ተጣራች፤

«ሙንዚር! ኧረ ሙንዚር! የት ገባህ? ሙንዚር!»

ሙንዚር ከጀርባዋ እንቅልፉን ይለጥጣል።

አድማሴ ከቤት ሆኖ ሰማ። መራመድ ያልጀመረ ልጅ የት ይገባል? ጊዜ አልፈጀበትም፤ ወንድሙን ተሸክሞ በጓሮ በኩል በቆሎው ውስጥ ገባ። ወታደሮቹ ሲደርሱ ገና ያልቀዘቀዘ ባዶ መደብ አገኙ። በመመለሻቸው አስተርጓሚው ዘሃራን አስቆማት።

«ስትጣሪው የነበረው ልጅ ተገኘ?»

«ተገኘ፣ ጌታዬ» አለች። «ለካ አዝዬው ነው።»

አስተርጓሚው አያት፣ ልጁን አየ፤ ሞኝ ናት ብሎ አለፈ።

በዚያው ምሽት አድማሴ ማር በቅል ይዞ ኑርዬ ደጅ ቆመ። የሚቀልደው ነገር ሲፈልግ ቆይቶ አጣ። «ዘሃራ» አለ በመጨረሻ፤ «ያችን ቃሌን መልሺልኝ።» ዘሃራ ማሩን ተቀበለችና ልጇን አሳቀፈችው።

ከዚያ ወዲያ ወታደር ብቅ ባለ ቁጥር ከየደጁ «ሙንዚር!» የሚል ጥሪ ይሰማ ጀመር። የአድማሴ ሚስት ወንድ ስትወልድ ካህኑ ገብረሰንበት ብለው አጠመቁት፤ አባቱ ግን ሙንዚር አለው። ሌሎችም ተከተሉ። ጣልያን ሲወጣ በቡሬ ገጠር ማተብ ያሰረ ሙንዚር ማየት ለማንም አይደንቅም ነበር።

ጣልያን በወጣ ማግስት ዘሃራ ሴት ልጅ ወለደች። ኑርዬ በዚህ ጊዜ አስቀድሞ ዐዋቂ ጠይቆ፣ ትርጉሙ መዳን መሆኑን ተረድቶ፣ ነጃት አላት። ያም ሆኖ ልጅቱን ታቅፎ፣ ዘሃራን አስከትሎ ወደ አጥሩ ሄደ። መሪጌታ ከዚያ ግርፋት ወዲህ ጎብጠዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል።

«መሪጌታ፣ ነጃት ብለናታል። ይፍቱልን።»

መሪጌታ አመነቱ። «ይህም ዐረብኛ ይሆናል። እግሬ እንደ ድሮው አይደለም እንጂ ደምበጫ ሄጄ…»

«የለም የለም። እንደመጣልዎ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ነጃት… ነጋት…» አሉ ቀስ እያሉ። ወዲያው ፊታቸው በራ። «ንጋት ናታ! ንጋት! ጨለማው ሲገፈፍ የመጣች፤ ሌላ ምን ትባል?»

ዘሃራ ልታርማቸው አፏን ከፈተች። ኑርዬ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

በማግስቱ ጋቢ ሊያሠራ የመጣ ገበሬ የልጅቱን ስም ጠይቆ፣ «ደግሞ ይሄ ምን ማለት ይሆን?» አለው።

ኑርዬ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ፣ ከአጥሩ ወዲያ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ንጋት ማለት ነው» አለ።