ሃርድ ዲስክ የመዘኑት የፍየል ደላላ

ሁሉን ነገር በእጁ አንስቶ ካልመዘነ የማያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሞያሌ ብቅ በሉና የፍየል ደላላውን ኦቦ ገልገሎን ላስተዋውቃችሁ። ፍየሏን ከመሬት ብድግ አድርገው ኪሎዋን ይነግሯችኋል፤ ሚዛን ቢዋሽ እንኳ እሳቸው አይዋሹም።

የፎቶ ቤቴ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ቋ ቋ ማለት ሲጀምር ጭንቅ ያዘኝ። ከሄሉ መንደር እስከ ቡቲዬ መንደር የተዳረው ሙሽራ ሁሉ ፎቶ፣ የሟች አባቴም ብቸኛ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነዋ! ኮምፒውተር የምትጠግነው ሐሊማ አዲስ ዲስክ ይዛ መጣች። ፎቶ ሊነሱ ተቀምጠው የነበሩት ኦቦ ገልገሎ አሮጌውንና አዲሱን አንስተው መዘኑ።

«ልጄ፣ አዲሱ ይቀላል። ያን ሁሉ ሙሽራ ይችላል?»

«ኦቦ፣ ገና ባዶ እኮ ነው» አለቻቸው እየሳቀች።

ዲስኮቹን በገመድ አገናኝታ ፎቶዎቹን ወደ አዲሱ ኮፒ አደረገች። ኮምፒውተሩ ውስጥ በብሎን ከማሰሯ በፊት ሽማግሌው እንደገና ብድግ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኛም ፍርዳቸውን ጠበቅን።

«አሁን ጠግቧል» አሉ።

ሳቅን፤ እኔማ እንባዬ እስኪመጣ። ከዚያ ዲስኩን ከእጃቸው ተቀበልኩ። አባቴ እዚያ ውስጥ ነበር።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከበደኝ።