ካርዱ ዱባይ፣ ቁጥሩ ሲኤምሲ

በእኛ ከተማ አንድ ሰው ወደ ውጭ ሊሄድ ነው ከተባለ፣ ፓስፖርቱ ላይ ቪዛ ከመመታቱ በፊት ምክሩ ይደርሰዋል። ከመገናኛ አልፎ የማያውቅ ጎረቤት ሳይቀር ስለ አውሮፓ ኪስ አውላቂዎች በዝርዝር ያስረዳችኋል። አንዱ ምግቡን ተጠንቀቅ ይላል፤ ሌላው ሰዉን ተጠንቀቅ ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ካስጠነቀቀ በኋላ የልጁን የጫማ ቁጥር ነግሯችሁ ይሄዳል። ብዙ ሰው «እሺ፣ እሺ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ምክር ከተሰጠኝ ሥራ ላይ አውላለሁ። ጣጣዬም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ሥልጠና ዱባይ ሊልከኝ ሲወስን፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ካለ አንድ ባንክ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ አወጣሁ። ካርዱን ያስረከበችኝ ወጣት ምክሯን መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም አከታተለችው። የሚስጥር ቁጥርዎን ለሰው አይንገሩ። ሲያስገቡ በእጅዎ ይከልሉት። ደጋግመው ከተሳሳቱ ካርዱ ይዘጋል። ከሁሉም በላይ ካርዱንና ቁጥሩን አንድ ቦታ እንዳያስቀምጡ። የመጨረሻዋን አስደገምኳትና በቃሌ ይዤ ሲኤምሲ ወዳለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ሄድኩ።

የጉዞዬ ዋና ጉዳይ ሥልጠናው እንዳይመስላችሁ። ዋናው ጉዳይ የእማማ አስካለ ጆሮ ነበር። እማማ የባለቤቴ የሰናይት እናት ናቸው፤ አብረውን ይኖራሉ። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሐኪሙ ለክቶ ያዘዘላቸው የመስሚያ መሣሪያ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀኝ ዱባይ ነው። ቤታችን ውስጥ አንድ መጥፎ ልማድ ገብቶ ነበር። ሰብሰብ ብለን ስንስቅ እማማ «ምን አላችሁ?» ይላሉ። መጮህ የሰለቸን እኛ ደግሞ «ምንም» እንላለን። ሲቆይ መጠየቁንም ተዉት። ስንስቅ አብረውን ይስቁ ጀመር፤ ትንሽ ዘግየት ብለው።

የባንኳን ልጅ ምክር ለቤተሰቡ ሳቀርብ ፍርዱን የሰጡት እሳቸው ናቸው።

«ካርዱ ከሱ ጋር ይሂድ፤ ቁጥሩ እዚህ ከኛ ጋር ይቅር» አሉ። «ሌባ ይዞ ቢያስጨንቀው፣ የማያውቀውን ከየት አምጥቶ ይናገራል?»

እስኪ ስህተቱን አሳዩኝ። እኔ አላገኘሁም። በማግስቱ ሰናይት ባንኩ በር ላይ ባለው ኤቲኤም የሚስጥር ቁጥሩን መርጣ ስታስገባ፣ እኔ ፊቴን ወደ ቀለበት መንገዱ አዙሬ የሚኒባስ ታርጋ ሳነብ ቆየሁ። የገዛ ገንዘብን ከራስ መጠበቅ ትልቅ የኃላፊነት ስሜት ይሰጣል። ሞክሩት።

ሰናይት አስተማሪ ናት፤ ክፍል ስትገባ ስልኳን ታጠፋለች። ስለዚህ ለቁጥሩ መጠባበቂያ አስፈለገ። መጠባበቂያዋ እማማ ሆኑ። እኔ እንዳልሰማ ከግቢ ወጥቼ እስከ ዋናው አስፋልት ሄድኩ። ሰናይት በረንዳ ላይ ቁጥሩን በእናቷ ጆሮ ጮኸችው። «እ?» አሉ። ደገመችው። እማማ በትክክል መስማታቸውን ለማረጋገጥ መልሰው ጮኹት፤ በእሳቸው ድምፅ ማለት ነው። ስመለስ የግቢያችን ጥበቃ ገመቹ በሩን የከፈተልኝ ከወትሮው በተለየ አክብሮት ነው። ሚስጥሩ በሚገባ ተጠብቋል። ከእኔ።

እማማ ለካርዱ ከአሮጌ ነጠላ ትንሽ ከረጢት ሰፍተው እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ዱባይ ምግቡንም ማደሪያውንም አዘጋጆቹ ስለቻሉ፣ ካርዱ እስከ መጨረሻው ቀን ክታብ ሆኖ ሰነበተ። አውሮፕላኔ ሊነሣ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው መሣሪያዋን ልወስድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው። ከባቄላ የማትበልጥ ነገር አውጥቶ አሳየኝ። የሸሚዜን ቁልፎች መፍታት ስጀምር ፊቱ ተለዋወጠ፤ ካርዱ ሲወጣ ተመለሰ። የመክፈያ ማሽኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ቁጥሬን እንዳስገባ ጠየቀኝ።

«ቁጥሩ አዲስ አበባ ነው» አልኩት።

«ረሱት?»

«አልረሳሁም። መጀመሪያውኑ አላውቀውም።»

«ካርዱ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው። ለጥንቃቄ ብለን ነው።»

ሰውየው መሣሪያዋን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳባት። አልፈርድበትም። ካርድ ይዞ ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ማን እንደሚባል እሱም ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ከሌባ የሚለየኝ ሌባ ቢያንስ ማፈሩ ነው።

ሰናይት ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። እማማ ጋ ደወልኩ። እማማ ስልኩ ሲበራ አይተው ያነሣሉ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀው፣ በረንዳ ላይ ቆመው ያወራሉ።

«እማማ፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

«ደህና ነን ልጄ። እዚህ ዝናብ ነው።»

«ቁጥሩን።»

«እሷማ ትምህርት ቤት ናት። በልተሃል?»

ነገሩ ግልጽ ነው። እማማ እንዲሰሙኝ መሣሪያው ያስፈልጋል፤ መሣሪያውን ለማግኘት ደግሞ እማማ መስማት አለባቸው። ይህንኑ ለባለሱቁ ረጋ ብዬ አስረዳሁት። ውሃ አመጣልኝ።

ያለ መሣሪያው ስገባ ታየኝ። እማማ በሩ ላይ ቆመው ሻንጣዬን ሲያዩ፣ «አመጣህ?» ሲሉ፣ እኔ ደግሞ «ምንም» ስላቸው። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ባለኝ ጉሮሮ ጮኽኩ። ያኔ ከበረንዳው ሥር ሌላ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን ነው የሚፈልጉት?» ገመቹ ነው።

«አንተ በምን አወቅከው?»

«ማን የማያውቅ አለ ጋሼ?» አለና ነገረኝ።

«አይደለም፤ መጨረሻው ሰባት ነው» አለች ልብስ ልታወርድ የወጣች የምድር ቤት ጎረቤታችን። ትንሽ ተከራከሩ። ሌላ በረንዳ ተከፍቶ ሰባት መሆኑ ተመሰከረ። እኔም በባንኳ ልጅ ምክር መሠረት፣ ሱቁ ሙሉ ሰው የሰማውን ቁጥር በእጄ በደንብ ከልዬ አስገባሁ። ማሽኑ ተቀበለ።

ስለዚህ ተጓዦች፣ ካርዱንና ቁጥሩን አንድ ቦታ አታስቀምጡ። ምክሩ ትክክል ነው። ብቻ ሁለቱም አንድ አህጉር ላይ ይሁኑ።

ቤት እንደገባሁ ሰናይት መሣሪያዋን ለእናቷ አደረገችላቸው። እማማ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሩ። «ይሄ ማቀዝቀዣ ሁልጊዜ እንዲህ ያጉረመርማል?» አሉ። ሰናይት ፊቷን አዞረች። ወዲያው ገመቹ ከታች፣ «ጋሼ፣ ቁጥሩ ሠራልዎት?» ሲል ተሰማ።

«ጥበቃው የሚያውቀው የምን ቁጥር ነው?» አሉ እማማ። እርስ በርስ ተያየን። ነገርናቸው። ተቆጥተው በማግስቱ እንዲቀየር አዘዙ፤ መጠባበቂያነቱን ግን አልለቀቁም።

ተቀየረ። ሰናይት በረንዳው ላይ በእናቷ ጆሮ አዲሱን ቁጥር አንሾካሾከች። አንድ ጊዜ ብቻ። እማማ ሰሙ። ከስንት ዘመን በኋላ በቤታችን የተንሾካሾከ ነገር ደረሳቸው፤ ዓይኔ ረጠብ አለ። ግን ስንት ዘመን ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ በአንድ ቀን አይመለስም። እማማ በትክክል መስማታቸውን ለማረጋገጥ ቁጥሩን ደገሙት፤ በእሳቸው ድምፅ። ከጣሪያው ላይ እርግቦች ተነሡ።

ከዚያ ገመቹ ለምድር ቤቷ ጎረቤት አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ምን አለ?» አለች ሰናይት።

«ምንም» አልኩ እንደ ልማዴ።

እማማ ፈገግ አሉ።

«እንዴት ምንም? ‹ይሄኛው ለማስታወስ ይቀላል› ነው ያለው።»